ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል፦ ስለ አዳኝ እንስሳት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር ሰንብቷል። እኔ ጋ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል፤ ሁለቱ የመሐል ሜዳ ልጆች፣ አንዱ ደብረ ብርሃን አብሮኝ የሚያስተምር ባልደረባዬ፣ አራተኛዋ ታላቅ እህቴ ናት። እህቴ ከሥሩ «ይኸው፣ የቀይ ቀበሮህ ጉድ ወጣ» ብላ ጽፋበታለች። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሦስት ጠቦት በአውሬ ያጣች ሴት ናትና አልተቀየምኳትም። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጎድል ላስቀምጥ። መነሻው የአየርላንድና የስኮትላንድ ታሪክ ነው። እዚያ ማርተን የምትባል አዳኝ እንስሳ ከመጥፋት ተርፋ ስትመለስ፣ ከአሜሪካ የገባው ግራጫ ሽኮኮ እየሳሳ፣ የአገሬው ቀይ ሽኮኮ እያንሰራራ ሄደ ይባላል። ይህንን ይዘው «እኛም አገር አዳኝ እንስሳት ይጠበቁ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ጸሐፊው አይቀበሉትም። አዳኝ አገሬውንና መጤውን ለይቶ አይበላም፣ ሲመለስ ቀድሞ የሚያልቀው በቁጥር የተመናመነው አገሬው ነው ይላሉ። ቀጥለውም የሽኮኮዎቹን ነገር ግጥምጥሞሽ ያደርጉታል፤ ግራጫውን ያሳነሰው ወጥመድና ጠመንጃ ነው ባይ ናቸው። ሦስተኛው ማስረጃቸው የካሊፎርኒያ ደሴቶች ናቸው፤ እዚያ ንስር መጥቶ የደሴቶቹን ብርቅዬ ቀበሮ ሊጨርስ ደርሶ ነበር። አራተኛው ወደ እኛ ይመጣል፦ የሰሜን ሸዋ ወራሪ ቅንጬ አረም እንጂ ሽኮኮ አይደለም፣ አረም የሚበላ ቀበሮ ደግሞ የለም። የመጨረሻው የእህቴን ልብ የነካው ነው፤ የአዳኝን ዋጋ የሚከፍለው የመንዝ ገበሬ ነው፣ ጥበቃ የሚሰብኩት ግን ከተማ ተቀምጠው ነው ይላሉ።

ጽሑፉ ደካማ አይደለም። ከአምስቱ በሁለቱ ላይ ብዙ እውነት አለው፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

አንድ የቃል ነገር ላጥራ። መንዝ ውስጥ ሽኮኮ ሲባል ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ጭራ የሌለው ነው። እዚህ የማወራው ግን ጭራው የተጎፈረውን፣ ዛፍ ላይ የሚኖረውን ነው። ማርተን ደግሞ በአማርኛ ስም የላትም። በቁመቷ ከድመት ብዙም የማትበልጥ፣ ቡናማ፣ ጉሮሮዋ ቢጫማ፣ ዛፍ መውጣት የምትችል ሥጋ በል ናት። ዘሯ ሌላ ቢሆንም አኳኋኗ ዶሮ የሚፈጀውን ሸለምጥማጣችንን ያስታውሳል።

እንግዲህ አዳኝ ለይቶ አይበላም በሚለው ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። ማርተን ግራጫውን ከቀዩ ለይታ የምትጠላበት ምክንያት እንደሌላት እስማማለሁ። ስትራብ ያገኘችውን ትበላለች፤ አይጡን፣ ወፉን፣ ጥንዚዛውን፣ የዱር ፍሬውንም ሳይቀር። ነገሩ ግን የሚወሰነው በእርሷ ምርጫ አይደለም። የሚወሰነው ማን በቀላሉ ይያዝላታል በሚለው ነው። ቀዩ ሽኮኮ ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ነው፤ ውሎው አብዛኛውን ዛፍ ላይ ነው፣ ከቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ማርተን ኪሎ ተኩልም ሁለት ኪሎም ትመዝናለች፤ ያ ቅርንጫፍ አይሸከማትም። ግራጫው ከ500 እስከ 600 ግራም ይመዝናል፣ መሬት ላይ ወርዶም ብዙ ይቆያል። ሁለቱ አንድ ጫካ ውስጥ ቢኖሩም ለማርተን እኩል ቅርብ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ትውውቁ ነው። ቀዩ ሽኮኮና ማርተን አውሮፓ ውስጥ እጅግ ረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል። ግራጫው አየርላንድ የገባው በ1911 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ በሎንግፎርድ አውራጃ በአንድ ባላባት ግቢ ተለቆ ነው የተራባው። በዚያን ጊዜ ማርተን ስትታደንና ስትመረዝ ኖራ ከአብዛኛው አገር ጠፍታ ነበርና ግራጫው ሳያውቃት ተስፋፋ። በሰሜን አየርላንድ የተሠራ አንድ ሙከራ ይህንን በሚገርም ሁኔታ አሳይቷል። ተመራማሪዎች ለሽኮኮዎች ምግብ በሚቀመጥባቸው ሣጥኖች ላይ የማርተን ሽታ አኖሩ። ቀዩ ሽኮኮ ሽታው ሲደርሰው መምጣቱን ቀነሰ፤ ሲመጣም ቀና እያለ፣ ዙሪያውን እየቃኘ በላ። ግራጫው ምንም እንዳልተፈጠረ መጥቶ ጠግቦ ሄደ። ሽታው አደጋ መሆኑን የነገረው የለም።

አባቶቻችን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። ግራጫው ሽኮኮ ጅቡን እንደማያውቀው አገር ሰው ነው፤ ቁርበቱን ራሱ ያነጥፍለታል። ቀዩ ግን ያውቀዋልና በሩን ይዘጋል። ስለዚህ አዳኟ ባትለይም ውጤቱ ይለያል። ጸሐፊው የዘለሉት ይህንን ነው፤ የለዩት ታዳኞቹ ናቸው።

ቀድሞ የሚያልቀው በቁጥር ያነሰው ነው የሚለው ስሌት የሚሠራውም ሁለቱ ታዳኞች በሌላው ነገር ሁሉ እኩል ከሆኑ ነው። እኩል አይደሉም። በተጨማሪ ቀዩን የሚገድለው ዋናው ነገር የማርተን ጥርስ አልነበረም። ግራጫው ራሱን ብዙም የማይጎዳው የፈንጣጣ ዓይነት ቫይረስ ተሸክሞ ይዞራል፤ ያ ቫይረስ ቀዩን ሲይዘው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይገድለዋል። በዚያ ላይ ምግቡን ይሻማዋል። ማርተን ጥቂት ቀይ ሽኮኮ ብትበላ እንኳ በሽታ ተሸካሚውንና ተሻሚውን ካሳነሰችለት ቀዩ በመጨረሻ አትራፊ ነው። ይህን የበሽታ ነገር ያዙልኝ፤ ስለ ጓሳ፣ ስለ መንዝ ደጋ የሣር ሜዳ፣ ስናገር እመለስበታለሁ።

ወደ ግጥምጥሞሹ ልለፍ። ወጥመድና ጠመንጃ ግራጫውን የሚያጠፉ ቢሆን ኖሮ ብሪታንያ ውስጥ ገና ዱሮ በጠፋ ነበር። በ1950ዎቹ መንግሥት ለአንድ የግራጫ ሽኮኮ ጅራት አንድ ሽልንግ እየከፈለ ያስገድል ነበር። ብዙ ጅራት ተሰበሰበ፤ ግራጫው ግን መስፋፋቱን አላቆመም፣ ክፍያውም ቀረ። ማርተን በአየርላንድ በ1976 የዱር እንስሳት ሕግ፣ በብሪታንያ ደግሞ በ1988 በሕግ ከተጠበቀች በኋላ ቀስ በቀስ ስትመለስ የሆነው ሌላ ነው። በ2014 የታተመው የአየርላንድ ጥናት እንደሚያሳየው በመካከለኛው አየርላንድ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ቦታ ላይ የግራጫው ቁጥር ወድቋል፤ ቀዩ ለብዙ ዓመት ወዳልታየባቸው ጫካዎች ተመልሷል። ግራጫው የጠፋው ማርተን በበዛችበት ነው፤ ማርተን እምብዛም ባልደረሰችበት በምሥራቁ በኩል እንደበዛ ነበር።

ጸሐፊው «ሁለት ነገር አብሮ መሆኑ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም» ቢሉኝ እቀበላለሁ። እኔም ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው። ለዚህም ነው የ2018ቱ የስኮትላንድ ጥናት የሚያሳምነኝ። እዚያ የታየው «ማርተን አለች ወይስ የለችም» ብቻ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ በሦስት አካባቢዎች ጸጉር እየሰበሰቡ፣ በዘረ መል እየለዩ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ማርተን ምን ያህል እንደምትመላለስ ለኩ። ማርተን በበዛ ቁጥር ግራጫው በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ቀዩ ይጨምራል። ወጥመድ እንዲህ መጠን በመጠን ከማርተን እርምጃ ጋር ሊሄድ የሚችልበት መንገድ አይታየኝም። ጸሐፊው የሚታያቸው ካለ ቢጽፉት ከልብ አነባለሁ።

እዚህ ላይ ግን በእኛ በኩል ያሉ ሰዎች የሚያጋንኑትን ልጥቀስ፤ ጸሐፊውን ካናደዳቸው ነገር አንዱ ይህ ይመስለኛልና። ማርተን ከተማ አትወድም። ስለዚህ ግራጫው በከተማ መናፈሻዎች ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል፤ እዚያ የሰው እጅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። በ2022 የታተመ፣ ፈቃደኛ ነዋሪዎች በተከሏቸው ካሜራዎች የተሠራ የሰሜን አየርላንድ ጥናት ማርተን በአገር በቀል ሰፊ ቅጠል ጫካ ውስጥ ለቀዩ ሽኮኮ ደጋፊ መሆኗን አሳየ። ከውጭ በመጣ ጥድ መሰል ዛፍ ብቻ በተሸፈነ ቦታ ግን ቀዩን ታሳንሰዋለች። ግራጫውን በሁለቱም ቦታ ትጎዳለች፤ ቀዩን የሚያድነው ወይም የሚያስበላው ግን ጫካው ነው። ሰው በረድፍ የተከለው አንድ ዓይነት ዛፍ ለአገሬው መደበቂያ አይሆነውም።

ይህን ሳነብ ወፍ ዋሻ ትዝ አለኝ። ከአንኮበር ወደ ጣርማ በር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ከላይ አስታው፣ ሥሩ በሐረግና በቁጥቋጦ የተያዘ ነው። ከዚያ ወጥቶ የደብረ ብርሃንን ዙሪያ ባሕር ዛፍ የተመለከተ ሰው ሥሩ ባዶ መሬት መሆኑን ያያል። ባሕር ዛፉ ብዙ ቤት አቁሟል፣ ብዙ እንጀራ አብስሏል፤ አላማርረውም። ግን «አዳኝ አገሬውን ይጨርሳል» ብሎ የሚሰጋ ሰው ስጋቱን ከአዳኙ ቀድሞ መሸሸጊያው ላይ ቢያደርግ ይሻላል። ጸሐፊው ያነሱት ፍርሃት ተገቢ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ቦታውም ያው በረድፍ የተተከለው ነው።

ሦስተኛው የካሊፎርኒያ ደሴቶች ጉዳይ ነው። እውነት ለመናገር ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ይህ ነው፤ ጸሐፊው ጠንቅቀው ነው ያመጡት። ነገር ግን ታሪኩን ከመሐል ጀምረው ከመሐል አቆሙት። በ1990ዎቹ በሰሜኖቹ የቻነል ደሴቶች የምትኖረው ትንሽ ቀበሮ ክፉኛ አለቀች፤ ሳን ሚጌል በተባለው ደሴት 15፣ ሳንታ ሮዛ ላይም 15 ብቻ ቀርተው ነበር። የበላት ወርቃማው ንስር ነው፤ እውነት ነው። ግን ይህ ንስር የደሴቶቹ ነባር አልነበረም። ነባሩ ራሰ ነጩ ንስር ነበር፤ እሱ ዓሣና የባሕር ወፍ ይበላል እንጂ ቀበሮዋን አይነካትም ነበር፣ ሌላውን ንስርም ከግዛቱ ያባርራል። እሱን ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ አጠፋው። ደሴቱ ላይ ደግሞ ሰው አምጥቶ የለቀቃቸው አሳሞች በዝተው ነበር፤ ግልገሎቻቸው ለወርቃማው ንስር የማያልቅ ምግብ ሆኑለትና ጎጆ ሠርቶ ተቀመጠ። ቀበሮዋም እግረ መንገዱን የምትበላ ሆነች።

ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? ከ40 በላይ ወርቃማ ንስሮች ተይዘው ወደ ዋናው ምድር ተወሰዱ። ከሳንታ ክሩዝ ደሴት ከ5,000 የሚበልጡ አሳሞች ተወገዱ። ራሰ ነጩ ንስር ደግሞ ተመልሶ እንዲራባ ተደረገ። ቀበሮዎቹ እንዲያ አገግመው በ2016 ከአደጋ ዝርዝር ወጡ። ነባሩ አዳኝ ሲጠፋ፣ መጤው ታዳኝ ሲበዛ፣ ያልተለመደ አዳኝ ገባ፤ የተፈጸመው ይህ ነው። ከመድኃኒቱ አንዱ ክፍል ነባሩን አዳኝ መመለስ ነበር። ጸሐፊው ለክርክራቸው ያመጡት ምስክር ሙሉውን ሲናገር ለእኔ ይመሰክራል።

ወደ አገራችን ልምጣ። አረም የሚበላ ቀበሮ የለም፤ ተቀብያለሁ። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ ማሽላውን የሚያቀጭጨው፣ ነክቶት ለሚውል ሰው ቆዳውን የሚያሳክከው፣ ላም ስትበላው ወተቷን የሚያመርረው ቅንጬ በቀይ ቀበሮም በነብርም አይጠፋም። «አዳኞች ይመለሱ፣ ወራሪ ሁሉ ይጠፋል» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ቅንጬውም ቢሆን ትውልድ አገሩ አሜሪካ ውስጥ የሚበላው ነገር ነበረው። እኛ ዘንድ የጎለበተው ያንን ትቶ ስለመጣ ነው። ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛና ግንዱን የሚበሳ ነቀዝ መሰል ነፍሳት ከብዙ ምርመራ በኋላ ከ2016 ወዲህ አገራችን ውስጥ የተለቀቁት በዚህ ሐሳብ ነው። እነሱ ግን ከውጭ የመጡ እንጂ ነባር አዳኞች አይደሉም፤ ስለዚህ ለጸሐፊው ነጥብ መልስ ናቸው ብዬ አልከራከርም።

«የሰሜን ሸዋ ወራሪ ቅንጬ ብቻ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ደጋው ላይ በአራት እግሩ የሚሄድ አለና። ውሻ ነው።

ቃሉን በጥንቃቄ ልጠቀም። ውሻ ከሰው ጋር በሺህ የሚቆጠር ዓመት የኖረ ነው፤ እንደ ግራጫው ሽኮኮ ትናንት የመጣ አይደለም። ከመንደር ወጥቶ፣ ማንም ሳይመግበው ጓሳ ላይ ሲያድር ግን የሚሠራው ሥራ ያው ነው። የቀይ ቀበሮን አይጥ ይሻማል፣ ቀበሮውን ያባርራል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሽታ ያመጣበታል። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት የግራጫው ሽኮኮ ቫይረስ እዚህ በእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር በሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ይተካል። ባሌ ላይ በ1991ና 92፣ እንደገና በ2003ና 2004 እብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ በወረርሽኙ በተመታው የዌብ ሸለቆ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ከዚያ ዲስተምፐር ተከተለ። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ወደ 500 ገደማ ነው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ውስጥ መንዝ ጓሳ ያለው ጥቂት አሥሮች ነው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጎሽ ሜዳ ላይ የነበረው ጠፍቷል።

አሁን ስለ ትውውቅ ያልኩትን ጓሳ ላይ ልድገመው፤ ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝ ዋናው ነገር ይህ ነው።

ከብት ስንጠብቅ ያደግን ሁሉ ያየነው ነው። ጧት ጤዛው ሳይረግፍ የጭላዳ መንጋ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ቀይ ቀበሮ መሐላቸው ይገባል። ቀስ ብሎ፣ ጭራውን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ግልገሎቹ ሳያይ ይሄዳል። ጭላዳዎቹ ቀና ብለው ያዩትና ሣራቸውን ይቀጥላሉ። ልጅ ሳለን «ተማምለዋል» እንል ነበር። በ2015 የታተመ፣ እዚሁ ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አስቀመጠው፦ ቀበሮው ጭላዳ መሐል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ሲሞክር 67 ከመቶ ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 ከመቶ ብቻ ነው። መንጋው አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣለት ይሆናል፣ ወይም አይጧ ከጭላዳው ለይታ አታየውም፤ ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም አንስተዋል። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ጭላዳ ሊወስድ ሲሞክር ጭላዳዎቹ ተሰብስበው አስጥለውታል፣ ከዚያም መንጋው አጠገብ አላስደርስም ብለውታል። ውሉን ያፈረሰ ይባረራል፤ ያከበረ ይቆያል።

ያው መንጋ ባለቤት የሌለው ውሻ ሲያይ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ውሻው በቁጥር ቢያንስም፣ ገና ሩቅ ቢሆንም ይሸሹታል። ውሻ ጭላዳ ይገድላልና። ውሻ ባለበት ጧት ቀበሮው የሚሸሸግበት መንጋ የለም፤ አይጡን ብቻውን ማደን አለበት፣ ከአራት ሙከራ በሦስቱ ይስታል። ይህ የሽኮኮዎቹ ታሪክ ድግግሞሽ ነው ማለቴ አይደለም። እዚያ ነባሩ አዳኝ መጤውን ተጫነ፤ እዚህ መጤው ነባሩን አዳኝ እየተጫነ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ግን ያው ነው፦ ረጅም ዘመን አብሮ የኖረ አዳኝና ታዳኝ የሚተዋወቁበት መንገድ አላቸው፣ መጤው ያንን መንገድ ያበላሻል። ጸሐፊው «አዳኝ ሁሉ አንድ ነው» ሲሉ ቀይ ቀበሮንና ውሻን በአንድ ሚዛን አስቀምጠዋቸዋል። ጭላዳዎቹ እንኳ እንዲህ አያደርጉም።

ነባር አዳኝ ውሻን ሊያሳንስ ይችላል ወይ ለሚል ሰው ሕንድ ውስጥ ሙምባይ ከተማ ዳር ካለው ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚኖሩት ነብሮች አሉለት። በዓመት 1,500 ያህል ባለቤት አልባ ውሾች እንደሚበሉ ተገምቷል፤ በፓርኩ ዙሪያ ያለው የውሻ ብዛትም ከሌላው የከተማው ክፍል ያነሰ ነው፣ ይህም የሚነከሰውን ሰው ይቀንሳል ማለት ነው። ነብሮቹ ሰውንም ያጠቁባቸው ጊዜያት ነበሩና ይህን መድኃኒት ብዬ ለመንዝ አላዝም። የማነሳው ነባር አዳኝ በውሻ ላይ ምንም አያደርግም የሚለውን ለማስተባበል ብቻ ነው።

የቀረው የጠቦቱ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉትን አላቃልልም። ጠቦት ለአንድ የመንዝ ቤት የልጅ ደብተር ነው፣ የፋሲካ ዶሮና ቅቤ ነው፣ አንዳንዴ የመድኃኒት ገንዘብ ነው። ጅብ በረት ሲሰብር ማልዶ የሚያየው ገበሬው ነው፤ እኔ ደብረ ብርሃን ተኝቻለሁ። እህቴ ለሦስቱም ጠቦቶቿ ሳንቲም የከፈላት የለም። «የጥበቃውን ዋጋ ድሃው ብቻ ነው የሚከፍለው» የሚለው ነጥባቸው ትክክል ነው፤ ስለ ቀይ ቀበሮ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ሳንናገር ማለፋችን ጥፋታችን ነው።

የማልቀበለው ክሱ ሁሉ በአንድ ስም መጠራቱን ነው። ባሌ ላይ በተደረገ ጥናት ከቀይ ቀበሮ ምግብ 96 ከመቶ ያህሉ አይጥና የአይጥ ወገን ነው። ጠቦት ሊነካ አይችልም አልልም፤ ይነካል፣ ግን እምብዛም ነው። በረት የሚሰብረው ጅብ ነው፤ ከሜዳ ግልገል የሚነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ ተራው ቀበሮ ነው። ተራውም ቀዩም «ቀበሮ» ስለሚባሉ አንዱ ባጠፋው ሌላው ይከሰሳል። እህቴን ጠቦቶቹን የወሰደው ምን እንደነበር ስጠይቃት ሁለቱ ሌሊት ከበረት፣ አንዱ ወደ ማታ ከሜዳ እንደሆነ ነገረችኝ። ከሜዳ የወሰደውን አላየችውም። ሌሊት ስለሚሰብረውም ጥርጥር የላትም።

ጥበቃ የከተሜ ቅንጦት ነው የሚለውን ደግሞ ጓሳ ራሱ ይመልሰዋል። ያን መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ለዘመናት የጠበቀው ከተሜ አይደለም፤ የአስቦና የጌራ ልጆች ነን የሚሉት የመንዝ ገበሬዎች ናቸው። ቄሮ በሚባለው የቆየ የጋራ ጥበቃ ሥርዓታቸው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር፣ አባቶች ተሰብስበው ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር፤ ሰዓቱን ያላከበረ ይቀጣል። የጠበቁት ለቀበሮ ብለው አይደለም። ቤት ለመክደን፣ ገመድ ለመግመድ፣ ገሳ ለመሥራት ነው። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ፤ በኋላ የአካባቢው ሰው ራሱ በኮሚቴ ተደራጅቶ መለሰው። ሣሩ ሲኖር አይጡ ይኖራል፣ አይጡ ሲኖር ቀበሮው ይኖራል። የአባቶቻችን ገሳ ቀይ ቀበሮን አቆየው እንጂ የማንም ስብከት አላቆየውም።

እህቴ ሁለት ውሾች አሏት። አንዳቸውም አልተከተቡም፤ ቀን ቀን ጓሳ ድረስ ይሄዳሉ። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አነበብኩላትና ማታ ማታ በረቱ አጠገብ፣ ቀን ደግሞ ታስረው እንዲውሉ ጠየቅኋት። «ቀን ከታሰሩ ሌሊት ጅቡን ለማባረር ልብ አይኖራቸውም» አለችኝ። እሷ ከእኔ ይልቅ ውሾቿን ታውቃለች፤ አልተከራከርኳትም። ክትባቱን ግን ተስማምታለች። ለጥር ዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ሁለቱንም በገመድ ይዘን የወረዳው እንስሳት ጤና ኬላ እንወስዳቸዋለን፤ የጎረቤት ውሾችም ካሉ ይዘን እንሄዳለን ተባብለናል። ጸሐፊው መንዝ ዘመድ ካላቸው የዘመዳቸውን ውሻ እንዲያስከትቡ እለምናቸዋለሁ።